ሂት ፓምፕን በድጎማ ለማስፋፋት ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ያለ አንድ ማረፊያ ቤት ጣሪያ ላይ የውሃ ማሞቂያ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከአየር ሙቀት ስቦ ውሃውን የሚያሞቅ ማሽን፣ ተበላሽቶ ተጠራሁ። ከተገጠመ ዓመት አልሞላውም፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ተቃጥሏል። ገጣሚው ቱቦዎቹን አገናኝቶ ቫኩም ሳይስብ፣ ማለትም ውስጣቸው ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ ሳያወጣ፣ ጋዝ ለቆባቸዋል። ውስጥ የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ሆነና የሞተሩን ጥቅል በላው። በዚያ ላይ ማሽኑ በሦስት ወገን ግድግዳ ተከቧል፤ ራሱ የተፋውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ሲስብ ነው የኖረው። ባለቤቱ አሁን ተራውን የኤሌክትሪክ ቦይለር አስገብተዋል፤ ሂት ፓምፕ ሲባል መስማት አይፈልጉም።

ማሽኑን ደጉሞ ገጣሚውን መርሳት ማለት ይህ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ስህተትም እርሱ ነው። ቀረጥ ይነሳ፣ የባንክ ብድር ይመቻች ሲባል እሰማለሁ፣ እደግፋለሁም። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ቫኩም ለመሳብ ትዕግሥት ያጣ እጅ በአንድ ከሰዓት የመንግሥትን ገንዘብ ያቃጥላል፤ የጎረቤቱንም እምነት አብሮ ያቃጥላል። እኔም በጀማሪነቴ «ጋዙ አየሩን ይገፋዋል» ብዬ ያለፍኳቸው ማሽኖች አሉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእንግሊዝና በዌልስ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሂት ፓምፕ 7,500 ፓውንድ ይደጎማል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው ግን ገዢው ሳይሆን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ገጣሚ ነው። እኛም ከማሽኑ በፊት በሙያ ማሠልጠኛዎቻችን የቫኩም ፓምፕና መለኪያ ይግባ።

ሕግን አስፈራርቶ መጀመርም ይጎዳል። ጀርመን በ2023 የማሞቂያ ሕጓን ስታረቅ ብዙ ሰው አዲስ የጋዝ ማሞቂያ ሊከለከል ነው ብሎ ሳይረፍድበት የጋዝ ማሞቂያውን ለመግዛት ተሽቀዳደመ። በዚያ ዓመት 356,000 ገደማ የነበረው የሂት ፓምፕ ሽያጭ በ2024 ወደ 193,000 ወረደ።

የውጭውን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ደግሞ የእኛን ጥቅም ይሰውራል። አውሮፓ የሚደጉመው በዋናነት ክፍል ለማሞቅ ነው፤ በዚያም ማሽኑ በኤሌክትሪክ እየሠራ ርካሽ ከሆነው የማሞቂያ ጋዝ ጋር እንዲወዳደር ይገደዳል። በእኛ ሆቴሎች የሚተካው ግን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦይለር ነው። ቦይለሩ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ከዚያ የማይበልጥ ሙቀት ሲሰጥ፣ ሂት ፓምፑ በድሬዳዋ ሞቃት አየር 3 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ከእንግዳ ክፍል የሚወጣውን ሙቀት ወደ መታጠቢያ ውሃ የሚመልስ ማሽንም አለ፤ ለዚህ ከተማ የተፈጠረ ይመስለኛል። ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው ሐረር የሌሊቱ ብርድ ተቆጥሮ ሌላ ልክ ይወጣላታል፤ ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቁጥር አትለኩ።

የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ ማሽኑን እንዳያቃጥለው የቮልቴጅ መከላከያም በድጎማው ውስጥ ይካተት።

በማሽኑ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ ዓይነት አለማየትም ሌላው ስህተት ነው። አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ በላይ ከባቢ አየርን ያሞቃል፤ አር-290 የሚባለው ፕሮፔን ግን ከሞላ ጎደል ምንም አያደርስም፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኪጋሊ ስምምነት መሠረት ሌሎች አገሮች ከባቢ አየርን ክፉኛ የሚያሞቁትን ጋዞች እየቀነሱ ነው፤ የማይፈለገው ማሽን በርካሽ ወደ እኛ እንዲመጣ መንገድ አንክፈት። የቀረጥ ቅናሹ የማሽኑ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው የጋዝ ዓይነት ይወሰን።