ገበያው ሲቀዘቅዝ የምር ገዢ የሚያመጣ የቤት ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

ገበያ ሲሞቅ ቤት መሸጥ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም፤ በሩን መክፈት ብቻ ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገዢው አይቸኩልም፣ ምርጫ ሞልቶታል። የወደደውን ቤት እንኳ «ትንሽ ልቆይ፣ ይወርድ ይሆናል» ብሎ ትቶት ይሄዳል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ «ኦፕን ሃውስ» የሚሉትን፣ ቤቱን ለተወሰነ ሰዓት ለጎብኚ ሁሉ ክፍት የማድረግ ዘዴ የሚሞክር ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ሰው ስለማብዛት ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው አደረግኩ። ቤቱ ግጥም አለ። መስተንግዶው አለቀ፣ ምንጣፉ ቆሸሸ፣ መልሶ የደወለ ግን አንድም አልነበረም። አብዛኞቹ የሰው ቤት ማየት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። (እኔም አንዷ ነኝ፣ አልፈርድባቸውም።) አሁን አምስት ሰው ይበቃኛል። ግን አምስቱም አቅማቸውን አስልተው፣ ስለ ቤቱ አንብበው የመጡ ይሁኑ። እነሱን የሚያመጣው ሥራ በአብዛኛው የሚያልቀው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

1. መጀመሪያ ዋጋው

ሻጭ መስማት የማይወደው ይሄን ነው። ዋጋው ከገበያው በላይ ከሆነ የምር ገዢ አይመጣም፤ እቤቱ ቁጭ ብሎ አስልቶ ጨርሷል።

ቤትዎን የሚያነጻጽሩት ከተሸጡ ቤቶች ጋር ይሁን፣ ለሽያጭ ከቀረቡት ጋር አይደለም። ጎረቤት የጠራው ዋጋ ምኞቱ ነው። ገበያው ማለት የተከፈለው ነው። ዋጋ እየወረደ ባለበት ጊዜ የዓምናው ሽያጭም ያሳስታል፤ ባለፉት 3 ወራት የተሸጡትን፣ በስፋትና በክፍል ብዛት የሚቀራረቡትን ይፈልጉ። እርስዎ በስንት እንደገዙት ወይም ለእድሳት ስንት እንዳፈሰሱ ገዢውን አያገባውም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ሰው በድረ ገጽ ቤት ሲፈልግ የዋጋ ጣሪያ የሚያስቀምጠው በድፍን ቁጥር ነው። «እስከ 500 ሺህ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው 505 ሺህ የተባለው ቤት ጭራሽ አይታየውም። ለአምስት ሺህ ሲሉ ከዓይኑ ይሰወራሉ።

«ከፍ አድርጌ ልጀምርና ቀስ እያልኩ እቀንሳለሁ» የሚለውም ሐሳብ በቀዘቀዘ ገበያ አያዋጣም። ማስታወቂያ ብዙ ዓይን የሚያርፍበት አዲስ ሳለ ነው። ወራት የቆየ ቤት «ምን ቢኖርበት ነው?» ያሰኛል።

2. ማስታወቂያው ራሱ ሰው ይምረጥልዎ

«ውብና ምቹ ቤት» ማለት ለማንም ምንም አይነግርም። የምር ገዢ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ፣ ለመብራትና ለውሃ በወር ስንት እንደሚከፈል ይጻፉ። የጋራ ሕንፃ ከሆነ ወርሃዊ መዋጮውን አይርሱ። የወለል ፕላን ቢጨምሩበት ደግሞ ግሩም ነው፤ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በፎቶ ማሳየት ይከብዳል።

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ከክፍሉ ጥግ ሆነው፣ ካሜራውን ደረትዎ አካባቢ ይዘው ያንሱ። ጠባቧን ክፍል አዳራሽ የሚያስመስል ሌንስ ግን ይቅርብዎ። ሰውየው ገብቶ እውነቱን ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚነግሩትን ሁሉ ይጠራጠራል።

ጉድለቱንም ይጻፉት። «ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።» «ማቆሚያው አንድ መኪና ብቻ ይይዛል።» ብዙ ሻጭ ይሄን ይፈራል። ሊፍት የግድ የሚለው ሰው ግን ደረጃውን ሲያይ መመለሱ ላይቀር፣ ቀድሞ ቢያውቅ ምን ይጎዳዎታል? ይሄን አንብቦ የመጣ ሰው ነገሩን ከወዲሁ ተቀብሎታል።

3. ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ገዢ ሁለት ነገር ይፈራል፤ ተወዶብኝ እንዳይሆን፣ የተደበቀ ጉድ እንዳይኖርበት። የመጀመሪያውን ዋጋው ይመልስለታል። ለሁለተኛው ወረቀት ያስፈልጋል።

ከቻሉ አስቀድመው ቤቱን በባለሙያ ያስመርምሩ። ጣሪያው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቧንቧው፣ የግድግዳው እርጥበት ይታይ። ወጪ አለው። ነገር ግን ችግሩን ገዢው ካመጣው ባለሙያ አፍ ከመስማት ይሻላል። ያኔ ወይ ድርድሩ ይፈርሳል፣ ወይ ከጥገናው ዋጋ በላይ ይቀንሱ ይባላሉ።

ከዚያ አንድ ፎልደር ያዘጋጁ። የምርመራው ሪፖርት፣ የጥገና ደረሰኞች፣ የ12 ወር የመብራትና የውሃ ክፍያ፣ ከቤቱ ጋር የሚቀሩ ዕቃዎች ዝርዝር ይግቡበት። የባለቤትነት ማስረጃውን ኮፒ ከጨመሩ የግል መረጃዎን ይሸፍኑ። በጉብኝቱ ቀን ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያገላብጠው ልብ ይበሉ። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ደረሰኝ አያነብም።

4. ቤቱን ያሰናዱ

ትልቅ እድሳት ውስጥ አይግቡ፤ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። ትንንሹን ይጨርሱ፦ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሚንጫጫ በር፣ የተቃጠለ አምፖል። ገዢ የላላ የበር እጀታ ሲያይ «የማላየውስ ምን ይሆን?» ይላል። ግማሹን ዕቃ ያውጡ፣ መጋረጃውን ይክፈቱ፣ ቁም ሳጥኑን ያሳሱ፤ መከፈቱ አይቀርምና።

ሽቶና ማጨሻ አያብዙ። ኃይለኛ መዓዛ የሚሸፈን ነገር ያለ ያስመስላል። በደንብ የተናፈሰ ቤት ይበቃል።

5. ቀኑን ይቁረጡ፣ ሰዎቹን ይጥሩ

ሰው ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን፣ ሳሎኑ ጥሩ ብርሃን የሚያገኝበትን ሰዓት ይምረጡ። የሁለት ሰዓት ጊዜ በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢከፍቱት ጎብኚው አንድ በአንድ ይንጠባጠባል። ጊዜው ሲጠብ ግን ፈላጊዎች እርስ በርስ ይተያያሉ፤ «ሌላም ፈላጊ አለ» ብለው እርስዎ መናገር አያስፈልግዎትም። ከሌለ ደግሞ አለ አይበሉ።

ማስታወቂያ ለጥፎ መቀመጥ አይበቃም። ከዚህ በፊት ጠይቀው ዝም ላሉት ይደውሉ። ፈላጊ በእጃቸው ላለ ደላሎች ይንገሩ። በአካባቢው ተከራይተው ለሚኖሩም ይድረስ፤ ሰፈሩን ያውቁታል፣ ወደውታልም። ጎረቤቶችን ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድመው ይጥሯቸው። ዘመድ ወይም ጓደኛ አጠገባቸው እንዲገባላቸው የሚፈልጉ አይጠፉም፤ የማወቅ ጉጉታቸውንም ገዢው ሳይመጣ ያስታግሳሉ።

6. በዕለቱ

ጌጣጌጥ፣ መድኃኒት፣ ትርፍ ቁልፍና የባንክ ወረቀት ከቤቱ ይውጡ። አስተናጋጁ ብቻውን አይሁን። እርስዎ ባለቤቱ ግን፣ ደላላ ካለዎት፣ ለሁለት ሰዓት ዞር ቢሉ ይመረጣል። ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ገዢ ግድግዳውን ማንኳኳት ያፍራል።

በር ላይ ስምና ስልክ ይመዝገብ። ጥያቄው ምርመራ አይምሰል፤ ጨዋታ ይሁን። «መቼ ለመግባት አስበዋል?» «ከባንክ ጋር ተነጋግረዋል ወይስ ገንዘቡ በእጅዎ ነው?» «የሚሸጡት ቤት አለ?» እነዚህ ሦስቱ ብዙ ይነግራሉ። ከባንክ የብድር ቅድመ ማረጋገጫ፣ ማለትም ባንኩ ይሄን ያህል ላበድረው እችላለሁ ያለበትን ወረቀት፣ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ ከእሱ ጋር ረጋ ብለው ይነጋገሩ።

በጣም ያመሰገነውን ሰው አይከተሉ። «እንዴት ያምራል!» ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚወጣው አይመለስም። የሚያጉረመርመውን ይዩ። ውሃውን ከፍቶ ግፊቱን የሚያየው፣ ሜትር አውጥቶ ግድግዳ የሚለካው፣ «ይሄ ኩሽና ጠባብ ነው» እያለ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ኩሽናው የሚመለሰው እሱ ነው። በልቡ ዕቃውን እያስገባ ነው።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚልዎት ቁጥር አይስጡ። «የሚያስቡትን በጽሑፍ ያቅርቡልኝ፣ እመልስልዎታለሁ» ማለት ይበቃል።

7. በማግስቱ

በ24 ሰዓት ውስጥ ይደውሉ። «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «እንዳይወስኑ የያዘዎት ቤቱ ነው ወይስ ዋጋው?» ይበሉ። አንዳንዴ የያዘው ጥቂት ነገር ይሆናል፦ የርክክብ ቀን፣ የስም ማዛወሪያ ወጪ፣ ምድጃው ከቤቱ ጋር ይቅር ወይስ ይውጣ የሚለው። ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ በእነዚህ መስማማት ሊረክስ ይችላል።

ከዚያ ጉብኝቱን ራሱን ያንብቡት። ሰው ጭራሽ ካልመጣ ማስታወቂያውን ወይም ዋጋውን ይመልከቱ። መጥቶ ሁለተኛ ጊዜ ልይ ያለ ከሌለ ችግሩ ከቤቱ አቀራረብ ነው፤ ወይም ማስታወቂያው የሌለውን ተናግሯል። ሁለቴ ሦስቴ አይተው ዋጋ ካልሰጡ ግን ቤቱን ወደውታል፣ ዋጋው ነው የከበዳቸው። ያኔ በጥቂት በጥቂቱ ከመሸራረፍ አንድ ጊዜ የሚታይ ቅናሽ ያድርጉ። ማስታወቂያው ላይ ከመለጠፍዎ በፊትም ለእነዚያ ተመልሰው ላዩት ሰዎች ይደውሉላቸው።