ለትምህርት ቤት መደርደሪያ ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

የበጎ ፈቃድ ሥራ ጅማ ላይ የሚደምቀው ክረምት ነው። ትምህርት ይዘጋል፣ ወጣቱ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ሞልቷል። ግን ክረምት ለእንጨት ሥራ ክፉ ወቅት ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እርጥብ እንጨት መግዛት፦ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርተን ነሐሴ ላይ አስረከብን። ባህር ዛፉ ተሰንጥቆ ጣውላ ከሆነ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ኅዳር ላይ ሄጄ ሳየው ጣውላዎቹ ተጣመዋል። በጀርባው ክፍተት ጣቴ ይገባል። ምስማሮቹ ብቅ ብለው አንዲት ልጅ ቀሚሷ ተይዞባት ስታላቅቅ ደረስኩ። በጣም አዘንኩ።

እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ለክረምቱ ሥራ እንጨቱን ጥር ላይ ግዙ። ከመሬት አንሱት፣ በየረድፉ መሃል ቀጫጭን እንጨት ጣሉበት፣ ጣሪያ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው አድርጉ። ጫፎቹን በተረፈ ቀለም ቀቡ፤ ጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የግድ ዋንዛ ማለት፦ ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ ብዙም አይጣመምም። ግን ቡናችን የሚጠለልበት ዛፍ ነው። ከየት እንደተቆረጠ ሳትጠይቁ አትግዙ። በደንብ የደረቀ ግራቪሊያ ለመደርደሪያ ይበቃል።

ጣውላውን ያለ ድጋፍ ማስረዘም፦ መጽሐፍ ከባድ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መሃሉ ላይ ድጋፍ ይፈልጋል፤ አለዚያ ይጎብጣል።

በዓይን ግምት ማጋጠም፦ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ተዛብቷል። ኮላው ሳይደርቅ አስተካክሉት።

ጫፍ ላይ ምስማር መምታት፦ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በቀጭን ድሪል ብሱት።

ከግድግዳ ጋር ሳያስሩ መሄድ፦ እዚህ ላይ ምንም ይሉኝታ አያስፈልግም። ልጆች መደርደሪያ ላይ ይንጠላጠላሉ። ቁመቱ ምንም ያህል ቢያንስ ከላይ በኩል በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር እሰሩት። እግሩንም ከወለሉ ከፍ አድርጉት፤ ጽዳት ሲደረግ ውሃ እንዳይጠጣ፣ ምስጥም ቢመጣ ቶሎ እንዲታይ። ምስጥን ፈርታችሁ ግን የተቃጠለ ዘይት ክፍል ውስጥ አትቀቡ፤ ይሸታል፣ የልጆቹን ልብስና መጽሐፍም ያበላሻል።

ማለስለሱን ለመጨረሻው ሰዓት መተው፦ የርክክቡ ቀን ሲደርስ ሁሉም ይቸኩልና ብርጭቆ ወረቀቱ ይረሳል። ከአንድ ግንድ የሚጠረበውን የጅማ በርጩማ ዳስሳችሁ ታውቃላችሁ? ሦስቱ እግሮቹ ሳይቀሩ የለሰለሱ ናቸው። እኔ አሁን ቫርኒሽ ከመቀባቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በየጠርዙ አሳልፋለሁ፣ ከታች የልጅ ጉልበት የሚደርስበትንም ጭምር። እጄን የያዘኝ ቦታ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱ ይመለሳል።