መነሻው ላልታወቀ የቆሽት ብግነት የፓራታይሮይድ ዕጢን እንዴት እናስመርምር?

የቆሽት ብግነትን በአብዛኛው የሚያመጡት የሐሞት ጠጠርና ከመጠን ያለፈ አልኮል ናቸው። ሁለቱም ካልተገኙ ግን ሕመምተኛው «መነሻው አልታወቀም» ተብሎ ከመሸኘቱ በፊት በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ይህን ማዕድን የሚቆጣጠሩት አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የሚገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑና እያንዳንዳቸው የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ከልክ በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ በደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ይህም ምግብ የሚፈጩት የቆሽት ኢንዛይሞች ያለጊዜያቸው ነቅተው ቆሽቱን ራሱን እንዲጎዱ ሊያደርግ ይችላል። ችግሩ ከእንቅርት የተለየ ስለሆነ አንገት ላይ እብጠት አለመታየቱ ዕጢዎቹን ጤነኛ አያሰኝም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የምርመራው ጊዜ ነው። ቆሽት ክፉኛ ሲቆጣ የሚያፈስሰው ኢንዛይም በዙሪያው ያለውን ስብ ይሰባብራል፤ ካልሲየምም ከተሰባበረው ስብ ጋር ስለሚጣመር በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። ስለዚህ በሕመሙ ቀናት የተወሰደው ናሙና ደኅና ቢመስልም፣ ካገገሙ በኋላ ምርመራው እንዲደገምልዎ አጥብቀው ይጠይቁ። በዚያ የሕመም ወቅት ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ከተገኘማ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠናከራል።

ሲደገም በደም ውስጥ ካልሲየምን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ አልቡሚንም፣ አብሮ ይለካ፤ አልቡሚን ዝቅ ሲል አጠቃላይ ካልሲየሙ ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያልና። የፓራታይሮይድ ሆርሞኑም ከካልሲየሙ ጋር በአንድ ጊዜ በተቀዳ ደም ቢመረመር ይመረጣል። ካልሲየም ሲበዛ ጤነኛ ዕጢ ሆርሞኑን ይቀንሳል፤ በመሆኑም ካልሲየሙ ከፍ ብሎ እያለ የሆርሞኑ ውጤት «ኖርማል» ቢባል እንኳ ጥርጣሬው የሚያርፈው በዕጢው ላይ ነው። ሆርሞኑ በጣም ዝቅ ካለ ግን ካንሰርን ጨምሮ ሌላ መነሻ ይፈለጋል።

ከዚህ ቀደም የኩላሊት ጠጠር ይዞዎት ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒትም ሁሉ ያሳዩ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊትየም እንዲሁም ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ዲ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሆኖም የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። የ24 ሰዓት ሽንት የሚሰበሰበው ደግሞ ቀዶ ሕክምና የማያሻውን በዘር የሚተላለፍ የካልሲየም መብዛት ለመለየት ነው።

አልትራሳውንድና የኑክሌር ምስል (ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተሰጥቶ የሚነሳ ምስል) ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን ዕጢ የት እንደሚያገኘው ያመለክታሉ እንጂ በሽታውን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራው ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ብግነቱ የመመለስ ዕድሉም ይቀንሳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከንፈርዎን ወይም ጣቶችዎን ቢደነዝዝዎት ካልሲየሙ ከመጠን በላይ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳውቁ።