ሰው ሳይዘጋጅ የሚነሳ የመንገድ ፎቶ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለቻሌንጅ ለምትወጡ

የጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ቻሌንጅ ደንቡ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ሰባት ቀን፣ በቀን አንድ ፎቶ፣ ተነሺው ያልተዘጋጀበት፣ በዚያው ዕለት የተነሳ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ብዙው ሰው እጁ ላይ የሚቀረው የጀርባ ክምር ነው፤ ከኋላ የተነሱ ትከሻዎች፣ የተቆረጡ እግሮች፣ ከሩቅ በዙም የተሳቡ ፊቶች። ይህ የሚመጣው ሰው እያሳደዱ ከማንሳት ነው። የሚሄድን ሰው ስትከተሉ የምታገኙት ጀርባውን ብቻ ነው፤ ቀድማችሁት ዞር ስትሉ ደግሞ ያያችኋል፣ ፊቱም ይለወጣል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ብርሃን ያለበት ቦታ ያዙ፣ ካሜራውን እዚያው አስተካክሉ፣ ከዚያ ሰው ራሱ እየሄደ እስኪገባላችሁ ቁሙ። አንድ ቦታ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆም የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መንገደኛው ሁሉ ያያችኋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን እንደ መብራት እንጨት ይቆጥራችኋል። ፎቶው የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ካሜራው ከቤት ሳትወጡ ይስተካከል

ከካሜራው ጋር የመጣው 18–55 ሌንስ ይበቃል። 24 ሚሊሜትር ላይ አድርጉትና ዙሙን እርሱት። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 6400። በ1/250 የሚራመድ ሰው አይደበዝዝም፤ ለሚሮጥ ወይም በቅርብ ፍሬሙን አቋርጦ ለሚያልፍ 1/500 ያስፈልጋል። ሙሉ አውቶ ላይ የተተወ ካሜራ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሹተሩን 1/60 ድረስ ያወርደዋል፤ ያኔ ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው እንደ ጭስ ይፈሳል።

ፎከሱን 3 ሜትር ላይ ቆልፉት። ሦስት ሜትር አራት መደበኛ እርምጃ ያህል ነው። ሌንሳችሁ ላይ የርቀት ቁጥር ከሌለ፣ አራት እርምጃ ርቆ ያለ ነገር ላይ በአውቶፎከስ ያዙና ወደ ማኑዋል አዙሩት፤ ከዚያ በኋላ ዙሙን ከነካችሁ ፎከሱም ይሄዳልና እንደገና ያዙ። በ24 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 8፣ 3 ሜትር ላይ ሲቆለፍ ከ1.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አስራ ምናምን ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ ባለ ትልቅ ሴንሰር (ፉል ፍሬም የሚባለው) ካሜራ በ35 ሚሊሜትር የያዘ ደግሞ ከ1.9 እስከ 7 ሜትር ያገኛል። ትርፉ ጊዜ ነው፤ ካሜራው ማን ላይ ፎከስ ላድርግ እያለ ሲያመነታ የሚያመልጠው ግማሽ ሰከንድ አይኖርም። በዚህ ርቀት አንድ የቆመ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ፍሬሙን ይሞላል። ሰው ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ከሆነባችሁ ገና አልተጠጋችሁም።

የካሜራውን ቀንና ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ፋይሉ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተነሳ ሆኖ ይመዘገብበትና የቀን ደንቡን ጥሷል ተብሎ ይወድቃል።

በስልክ የምታነሱ፣ የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ይበልጥ መጠጋት አለባችሁ። ስልኩን አግድም ይዛችሁ ከራስ እስከ ጉልበት የሚያሳይ ፎቶ ለማግኘት 1 ሜትር ተኩል ድረስ ነው። የሹተር ድምፅና ፍላሽ ይጥፋ። ፖርትሬት ሞድም ይቅር፤ የነጠላ ጥለትና የጃንጥላ ጠርዝ ከባክግራውንዱ ጋር ያደበዝዛል። የሌሊት ሞድ ብዙ ፍሬም ደራርቦ ስለሚሠራ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ መንፈስ ያስመስላል። ስክሪኑን ከመንካት የድምፅ ቁልፉን መጫን ይሻላል፤ ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይቆያል። የእጅ ማሰሪያ አትርሱ፣ ግርግር ውስጥ ስልክ ተነጥቆ ይጠፋል።

ብርሃን፣ ጥላና ነጠላ

አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቶሎ ወደ አናት ትወጣለች። በታኅሣሥ እንኳ ቀን 6 ሰዓት ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ያን ሰዓት የዓይን ጉድጓድ ጥቁር፣ አፍንጫና ግንባር የነጣ ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ከፀሐይ ወጥታችሁ ጥላ ፈልጉ። በጥቅሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት የእናንተ ነው። ምሽቱ እንዳያታልላችሁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚበቃ የሰማይ ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

እኛ አገር ከሁሉ በላይ ጀማሪን የሚጥለው ነጠላ ነው። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰች ጠይም ሴት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆማለች እንበል። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን በዝቷል ይልና ፎቶውን ያጨልማል፤ ፊቷ ይጠፋል። ለፊቷ ብላችሁ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ወደ +1 ስትወስዱ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ድርና ማጉ፣ ጥለቱም ሳይቀር ነጭ ወረቀት ይሆናል። የተቃጠለ ነጭ በኤዲቲንግ አይመለስም፣ የጨለመ ፊት ግን በመጠኑ ይመለሳል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ከሆነ ነጠላውን አትርፉ፤ ኤክስፖዠሩን ዜሮ ወይም −1/3 አድርጋችሁ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሱ፣ የፊቱን ብርሃን ኋላ በኤዲቲንግ ከፍ አድርጉት። ከዚህ የሚሻለው ግን አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ዳር መሄድ ነው። ከሕንፃ ጥላ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ የሚያልፍ ሰው ላይ ፀሐይ ከመታው አስፋልት የሚመለስ ለስላሳ ብርሃን ፊቱን ከታች ያበራዋል። እዚያ +2/3 ብትጨምሩ ፊቱም ነጠላውም ይተርፋሉ። ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቆች ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ይህን ብቻ ብትለማመዱ የሳምንቱን ግማሽ ሥራ ጨርሳችኋል።

ማታ በመንገድ መብራት የምታነሱ፣ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፉት። የኛ መብራት ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ያንን ፎቶው ላይ የጨለማ መስመር አድርጎ ያወጣዋል። መካኒካል ሹተር በ1/100 ይሁን፤ የቆመ የታክሲ ሰልፍ ለማንሳት ይበቃል።

የት ይቆማል?

ሰፊ ቦታ አያዋጣም። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ለመሄድ ያመቻሉ፣ ለፎቶ ግን ሰውን ይበትናሉ። ሰው የሚጠብበትን ፈልጉ፤ የባቡር ጣቢያ ደረጃ፣ የማቋረጫ ድልድይ መውጫ፣ የመርካቶ መተላለፊያ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የሜክሲኮና የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ቦታውን ለቅቆ አይሄድም፣ ይሰለቻል፣ ያዛጋል፣ ከፊቱ ካለው ጋር ወሬ ይጀምራል።

ጀርባችሁን ለግድግዳ ወይም ለእንጨት ስጡ፤ ማንም ከኋላ አይገፋችሁም፣ የማንንም መንገድ አትዘጉም። ከዚያ የባዶውን ቦታ አንድ ፎቶ አንሡና ስክሪኑ ላይ አጥኑት። ሰው ገና ሳይገባ ችግሩ የሚታየው ያኔ ነው፤ ከጭንቅላት ላይ የሚወጣ የመብራት እንጨት፣ አንገት የሚቆርጥ ሽቦ፣ ዓይን የሚስብ ቢጫ ጀሪካን። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ብዙውን ይፈታል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ከኋላ ከቆመ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ጠይም ፊት በጨለመው መስኮት ላይ ካረፈ አብሮ ይጠፋል። ጭንቅላቱ መስኮቱን አልፎ ነጩ ቆርቆሮ ላይ እስኪደርስ ጠብቁ።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ፤ ሊስትሮ። ሁሉም ያነሳዋል፣ ሁሉም ከላይ ወደ ታች ያነሳዋል፣ ሁሉም አናቱን ይዞ ይሄዳል። ተንበርከኩ፤ ካሜራው ከሳጥኑ ትንሽ ከፍ ብሎ በጎን ይሁን፣ የሊስትሮው ፊትና የደንበኛው ጫማ በአንድ ፍሬም ይገቡ። ሲቦርሽ እጁ ይደጋገማል፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ እዚያ ላይ አርባ ፎቶ አትጨርሱ። የሚጠበቀው ቅጽበት ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ኳ ኳ ሲያደርግ ነው። ያ “እግር ቀይር” ማለት ነው። ደንበኛው ጋዜጣውን ወይም ስልኩን ዝቅ ያደርጋል፣ እግሩ አየር ላይ ይሆናል፣ ሊስትሮው ቀና ይላል፣ ለአንድ ሰከንድ ሁለቱም ሰዎች ፎቶው ውስጥ በእርግጥ አሉ። 1/250 ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫኑ፣ አይበዛም። የብሩሹን ፍጥነት ማሳየት ከፈለጋችሁ ሹተሩን 1/30 አድርጉና ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ ደግፉ፤ እጁ ይፈሳል፣ ፊቱ ይቆማል።

ክረምት ላይ ቤት አትቀመጡ። ካሜራውን በፌስታል ሸፍናችሁ ሌንሱ ጋ በላስቲክ እሰሩት፣ ታዛ ሥር ቁሙ። የዝናቡ ጠብታ የሚታየው ከበስተጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖርና ብርሃኑ ከፊት ለፊታችሁ ሲመጣ ነው።

ሲያዩዋችሁስ?

ያዩዋችኋል። ካሜራውን ደብቆ ከሆድ ላይ ማንሳት መፍትሔ ይመስላል፤ ጣጣው ግን ሁለት ነው፣ ፍሬሙ ይንጋደዳል፣ ከታወቀባችሁም ሌባ ትመስላላችሁ። ካሜራው በግልጽ ደረታችሁ ላይ ይሁን። ካነሳችሁ በኋላ ወዲያው ካሜራውን አታውርዱ፤ ሰውየው ካለፈ በኋላም ባክግራውንዱን እያያችሁ ቆዩ፣ የምታነሱት ቦታውን ይመስለዋል። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ፈገግ ብሎ ራስን ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

“ለምን አነሳኸኝ?” ከተባለ አትከራከሩ፣ “መብቴ ነው” አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ “ብርሃኑ አምሮብዎት ነው እማማ፤ ይኸው ይዩት። ካልወደዱት አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።” ስክሪኑን አሳዩ። አጥፋ ካሉ ፊታቸው አጥፉ። ገንዘብ የሚጠይቅ አለ፤ ከፍሎ ማንሳት ግን ሰውየውን ወደ ተዘጋጀ ተነሺ ይለውጠዋል፣ የቻሌንጁንም ደንብ ያፈርሳል። ቆሎ ወይም መፋቂያ ከሚሸጥ ሰው መግዛት የተለየ ነገር ነው፤ ገዝታችሁ እዚያው ቆማችሁ ብሉ ወይም ፋቁ።

ወታደር፣ ፖሊስ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የባንክ በር ላይ ያለ ጥበቃ በፍሬማችሁ አይግቡ። አቁም ከተባላችሁ አቁሙ። ጎዳና ላይ የተኛ ሰው፣ የሚለምን፣ የታመመ፣ ብቻውን ያለ ሕፃን አታንሡ፤ እንዲህ ያለው ፎቶ ቀላል ስለሆነ ይነሳል እንጂ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ።

ሕጉንም እወቁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከነዚህ አንዱ በሕዝብ ፊት ከተደረገ ነገር ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ምስል ነው። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ የሚጨፍር ሕዝብና ጀበና ቡና ጋ ብቻዋን ተቀምጣ የምታስብ ሴት እኩል አይደሉም። ፊቷ ፍሬሙን የሞላው ከሆነ ካነሳችሁ በኋላ ጠጋ ብላችሁ አሳይዋት፣ ለውድድር ላስገባው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካነሱ በኋላ መጠየቅ ፎቶውን አያበላሸውም።

ምርጫና ማስገባት

በቀን ከ100 እስከ 150 ፎቶ ብታነሱ ማታ መጀመሪያ ወደ አስር አውርዷቸው፤ ፊት የሌለውን፣ ሰው በሰው ላይ የተደረበበትን፣ የሚያዩዋችሁን አስወጡ። ከአስሩ አንዱን ለመምረጥ ስልኩ ላይ አሳንሳችሁ እዩት፤ በአውራ ጣት መጠን ሆኖ ምን እየተደረገ እንደሆነ የሚታወቀው ያሸንፋል። አድማሱን አቅኑ፣ ከጠርዝ ትንሽ ቁረጡ፣ የጨለመውን ቦታ አብሩት። በኤዲቲንግ ሰው ወይም ሽቦ ማጥፋት ግን ከብዙ ውድድር ያስወጣል። ደካማ ፎቶን ጥቁርና ነጭ ማድረግም አያድነውም፣ ደካማ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል እንጂ።

መግለጫው ቦታና ቀን ይበቃዋል። “የኑሮ ትግል”፣ “ተስፋ ያልቆረጠች እናት” አይነት ነገር አትጻፉ፤ ሴትዮዋ ታክሲ እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል፣ መቼ እንደተነሳ የሚያሳየው መረጃም ይራገፋል። ከላካችሁ በኋላ ራሳችሁ አውርዳችሁ መጠኑን እዩ፤ ከ6 ሜጋባይት ወደ 200 ኪሎባይት ከወረደ እንደ ፎቶ ሄዷልና ሰዓቱ ሳያልፍ ድገሙት።