ከእግር ሲንጀር ወደ ሞተር መኪና፦ ፍርሃቱን እንዴት ማለፍ ይቻላል?

አዲሷ የስፌት መኪናዬ ቤት ከገባች በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ረከቦት ተቀምጦባት ነበር። ቀልዴን አይደለም። ጠረጴዛዋ ሰፊ ነው፤ ጥልፍ ጣል አድርጌባት ቡና አቀርብባት ጀመር።

ሐዋሳ ውስጥ በእግር ሲንጀር ዩኒፎርም ስሰፋ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ይቺን የገዛኋት መሃሉ ስፖንጅ የገባበት የአልጋ ልብስ ለመስፋት ነው፤ ሲንጀሯ ወፍራም ነገር ስታገኝ እየቆመች አስቸገረችኝ። ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ፔዳሉን ገና ነካ ሳደርገው አዲሷ መኪና ዥዥዥ ብላ ጨርቁን ከእጄ ነጠቀችኝ። አጥፍቼ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ነው ረከቦቱ የመጣው።

ያወጣችኝ የጎረቤት ልጅ ናት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የሠራ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ እሷም እዚያ ሠርታ የወጣች ናት። አንድ ቀን ቡናዋን እየጠጣች ረከቦቱን አየት አድርጋ፣ «እትዬ፣ መስፋትማ ያውቃሉ፤ መቆም ነው ያላወቁት» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው እሷ ያስጀመረችኝ መንገድ ነው። እኔም ከራሴ ስህተት ጥቂት ጨምሬበታለሁ።

ከመነካቷ በፊት

ሞተሯን ይወቁ። ክላች ሞተር ማብሪያውን ከተጫኑበት ጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ፔዳሉን ሲረግጡ ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ለመኪናዋ ያስተላልፋል። ሰርቮ ሞተር ግን ካልረገጡት ዝም ነው፤ ፍጥነቱንም አስቀድሞ መወሰን ይቻላል። ሰርቮ ከሆነ መጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ያድርጉት። ክላች ከሆነ በሰርቮ ማስቀየር ይቻላል፤ እኔን ቢጠይቁኝ ለጀማሪ ያስቀይሩ እላለሁ። እነዚህ መኪናዎች በደቂቃ ከ4,000 በላይ ጊዜ መውጋት ይችላሉ። ስለዚህ መፍራትዎ አያሳፍርም።

ዘይትም አለ። አዲስ መኪና ብዙ ጊዜ ደረቋን ነው የምትመጣው። ራሷን በሁለት እጅ ወደ ኋላ ጋደም አድርገው፣ ከሥር ያለው ገንዳ ላይ በተሠሩት ሁለት ምልክቶች መካከል እስኪደርስ የስፌት መኪና ዘይት ይሙሉ። ነጩን ቀጭን ዘይት ነው የምለው። የባጃጅ ዘይት አይሆንም!

ሶኬቱ ተነቅሎ

የመጀመሪያውን ቀን ያለ መብራት ያሳልፉ። በመኪናዋ ቀኝ በኩል ያለውን ጎማ በእጅ ወደ ራስዎ ያዙሩ። መርፌው ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ጨርቅ የሚስቡት ጥርሶች ወደ ኋላ ሲጎትቱ ይመልከቱ። ከጠረጴዛው ሥር በእግርዎ ጉልበት የሚገፋውን ዘንግ ይሞክሩ፤ ጨርቅ የሚጫነውን እግር ያነሳልዎታል። የሲንጀር መርፌ እዚህ አይገባም። የሲንጀሩ አናት በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የዚችኛዋ ክብ ነው። ክብ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ይገባል፤ ተሳስቶ ከገባ ግን ክር አይዝም። አብዛኞቹ ላይ መርፌው ጎን ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ መዞር አለበት።

መቆምን መማር

ዋናው ይሄ ነው። የእግር መኪና የለመደ ሰው ጣቱንና ተረከዙን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። እዚህ ጣት ማስኬጃ፣ ተረከዝ ማቆሚያ ነው። እኔ ስደነግጥ እግሬ በልማዱ መርገጡን ይቀጥላል፤ መኪናዋ ደግሞ ትበራለች። ቀኝ እጄም ለማስነሳት ወደ ጎማው ይሮጥ ነበር። ሞተር ሲሠራ እጅ እዚያ አይሄድም።

ክር ያውጡ፤ የታቹ ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢንም። የሚጫነውን እግር ከፍ አድርገው ይተዉት። ጫማ ያውልቁ፤ ፔዳሉ በባዶ እግር የበለጠ ይሰማል። አሁን መብራት አብርተው ጣትዎን ጫን፣ ወዲያው ተረከዝዎን ወደ ኋላ። አንድ ወግታ ትቁም። እንደገና። ሦስትና አራት ብትወጋም ግድ የለም፤ ዋናው በፈለጉበት ሰዓት መቆሟ ነው። እኔ ሁለት ቀን ይሄንን ብቻ ሠራሁ። ባለቤቴ «ምንም ሳትሰፊ ቆጣሪውን ጨረሽው» እያለ ሳቀብኝ።

ደብተር፣ ቀጥሎ አቡጀዴ

ያረጀ መርፌ ያስገቡ፤ ወረቀት መርፌ ያደንዛል። የልጆች ደብተር ገጽ ወስደው ያለ ክር በመስመሩ ላይ ይስፉ። ዓይንዎ መርፌው ላይ አይሁን፤ መስመሩንና የሚጫነውን እግር ጠርዝ ይመልከቱ። ቀጥታው ሲገባዎት ማዕዘን ይሞክሩ፦ መርፌው ወረቀቱ ውስጥ እንዳለ ቆመው፣ የሚጫነውን እግር በጉልበት ዘንጉ አንስተው ወረቀቱን ያዙሩ።

ከዚያ አዲስ መርፌ፣ ክርና እጥፍ አቡጀዴ። ሲጀምሩ የላዩንና የታቹን ክር ጫፍ ወደ ኋላ ያዝ ያድርጉ። ከሥር ክሩ ከተጠላለፈ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው፤ ክር መወጠሪያው ውስጥ በደንብ አልገባም። እግሩን አንስተው ከመጀመሪያው ያስገቡት።

መብራት ድንገት ሲሄድ ማብሪያውን ወዲያው ያጥፉ። አንዴ ረስቼው፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ መብራት መጣ። ትራስ ልብሱን ከዳር እስከ ዳር ሰፋችልኝ፤ አፉንም ጭምር።

ስፖንጁ

መጀመሪያ በአልጋ ልብስ አይጀምሩ። 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ የወንበር ትራስ ይበቃል። ላዩን ጨርቅ፣ ስፖንጁንና ገበሩን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው፣ ከመሃል ወደ ዳር ይስፉ። ከዳር ከጀመሩ መሃሉ ላይ ይኮማተራል። የስፌቱን ርዝመት ወደ 4 ሚሊሜትር ከፍ፣ የእግሩን ጫና ትንሽ ላላ ያድርጉ። መርፌ ቁልፉ ጋ ከመድረስዎ በፊት ቆመው ይንቀሉት። መቆም ተምረው የለ!

ይሄን ሁሉ ነሐሴ ላይ አይጀምሩ። የዩኒፎርም ሰሞን ደንበኛ በር ላይ ቆሞ አዲስ መኪና አይለመድም። አሮጌዋ ሲንጀርም ቦታዋን አትልቀቅ፤ የኔዋ አሁንም መስኮቱ ሥር ናት፤ ዚፕ የምቀይረው በሷ ነው።

ማታ ሲጨርሱ ያጥፉና ፔዳሉን አንዴ ይርገጡት። ክላች ሞተር ከጠፋም በኋላ ጥቂት ስለሚዞር፣ መቆሙን ሳያረጋግጡ መርፌው አካባቢ እጅዎን አያስገቡ። ከዚያ ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አድርገው እግሩን ያውርዱበት። ጠዋት ቁራጩን ዘይት ነክቶት ካገኙት አይደንግጡ፤ የተቀመጠው ለዚያ ነው።