ዘይቱናው ለምን ተላ? የጓሮ ፍራፍሬ ችግርና መፍትሄ

ዛፍ ሲታመም ቶሎ የሚታሰበን መድኃኒት መርጨት ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን መጀመሪያ ቅጠል እገለብጣለሁ፣ ፍሬ እሰነጥቃለሁ። ጉንዳን ካየሁ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ እከተላታለሁ።

ዘይቱናው ከውጭ ደህና ነው፣ ሲቆረስ ግን ትል ነው

የፍራፍሬ ዝንብ ናት። ልጣጩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ አለው፣ ዙሪያውም ለስለስ ብሏል። ሴቷ እንቁላሏን የከተተችው በዚያ ነው። ትሉ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ ፍሬው ይወድቃል። ከዚያ ትሉ ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይገባል፣ ዝንብ ሆኖም ይመለሳል።

ስለዚህ ፍሬ ላይ ብትረጩ ትሉ አይነካም። ሥራው ያለው መሬት ላይ ነው፤ የወደቀውን በየቀኑ መልቀም። እኔ አንድ ሰሞን እየለቀምኩ ጓሮ ጥግ ያለው የቆሻሻ ክምር ላይ እደፋው ነበር። ለካ ዝንብ እያረባሁ ነው! አሁን ጥቁር ፌስታል ውስጥ እከትና አፉን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት እተወዋለሁ። ከግማሽ ሜትር በላይ ቆፍሮ መቅበርም ይቻላል። ዶሮ ካላችሁ ዛፉ ስር ልቀቋት፣ እየጫረች ትለቅምላችኋለች። ዛፍ ላይ ያለውን ፍሬ ደግሞ ገና ጥሬ እያለ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት።

ሜቲል ዩጅኖል የሚባል የዝንብ ማባበያ ያለበት ወጥመድ የሚስበው ወንዱን ነው። ሞላ ብላችሁ አትደሰቱ፤ እንቁላል የምትጥለው አሁንም ዛፉ ላይ ናት። ጎረቤትም ይልቀም፤ ዝንብ አጥር አያውቅም።

የሎሚው ቅጠል ጥላሸት ለብሷል፣ ሲነኩትም ይጣበቃል

ጥላሸቱ ሻጋታ ነው፤ ጥፋተኛው ግን ሌላ ነው። ቅጠሉን ገልብጡትና ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ፈልጉ። የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጡና ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባሉ፣ ሻጋታው እዚያ ላይ ይበቅላል። ጉንዳኗ ለዚያች ጣፋጭ ስትል እንደ እረኛ ትጠብቃቸዋለች፤ ክሽክሽ የምትበላዋን ጥንዚዛ ሳይቀር ታባርራለች።

መጀመሪያ ቅጠሉን ከስር በኃይለኛ ውሃ እጠቡት። ካልበቃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሳይከርር የቅጠሉን ሆድ እስኪንጠባጠብ ርጩት። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ድገሙት። ኦሞ አይሆንም፣ በረኪናማ ጭራሽ! ቅጠል እንዳያቃጥልም አስቀድማችሁ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክሩት።

ለጉንዳኗ ግንዱን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፕላስቲኩ ላይ ግሪስ ቀቡ። አንድ ቅርንጫፍ አጥሩን ከነካ ግን በዚያ ዞራ ትገባለች። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ማንጎው ላይ ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ነገር

ዛፉ ላይ የሚጣበቅ ደቃቅ ተባይ ነው፤ ባለሙያዎች «ዋይት ማንጎ ስኬል» ይሉታል። በአገራችን መጀመሪያ የታየው ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ነው። የተጣበቀበት ፍሬ ልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ተልጦ ይበላል፣ ገበያ ላይ ግን ዋጋ ያጣል። ከለቀማ በኋላ የታመመውንና የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ተባይ ያለበትን አቃጥሉ። ችግኝ ስትገዙ ደግሞ ቅጠሉን ሳትገለብጡ ብር አትክፈሉ፤ አንዱ የመዛመቻ መንገዱ ችግኝ ነው። ረጅም ዛፍ ከሆነና ከአቅም በላይ ከሆነባችሁ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ።

ለጋ የብርቱካን ቅጠል ላይ እባብ የሄደበት የመሰለ ብርማ መስመር

ቅጠሉን በሁለቱ ቆዳዎቹ መሃል ሰርስራ የምትሄድ የትንሽ የእሳት ራት እጭ ናት። ቅጠሉን ታጣምማለች፣ ታስጠላለች። ዛፉ ካደገ ግን ተዉት። መግረዝ ሌላ ለጋ ቅጠል ያበቅልላታል፣ እሷ የምትፈልገውም እሱኑ ነው።