በክረምት ዝናብ ለሚበላሽ የጥንዚዛ ናሙና ያገኘነው መፍትሔ

እንጦጦ ላይ ግንድ ቦርቧሪ ጥንዚዛ ለማጥመድ የሚሰቀለው ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሐምሌ ላይ በዝናብ ይሞላል። ናሙናው ወይ ፈስሶ ይጠፋል፣ ወይ በስብሶ አንቴናው (ጭንቅላቱ ላይ ያለው መዳሰሻ) ይረግፋል። ያለ አንቴና ደግሞ ዝርያውን መለየት በጣም ይከብዳል።

ችግሩ ጠርሙሱ ውስጥ የሚደረገው የሳሙና ውኃ ብቻውን መሆኑ ነው፤ ሳሙና ያሰጥማል እንጂ ከመበስበስ አያድንም። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 350 ግራም ጨው ይሟሟና 2 ጠብታ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል። ጠርሙሱ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ከፈሳሹ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጋለ ሚስማር 4 ቀዳዳ ይበሳል፤ ከውስጥ የስቶኪንግ ቁራጭ በሙጫ ይለጠፍበታል። ፕላስተር አይሆንም፣ ሲርስ ይላቀቃል። ጨዋማው ውኃ ከባድ ስለሆነ ታች ይቀራል፤ ዝናቡ ከላይ ሆኖ በቀዳዳው ይወጣል። ዶፍ ሲጥል ግን ሁለቱ ስለሚደባለቁ ፈሳሹ በየሳምንቱ ይቀየር።

ጥንዚዛውን የሚስበው ማባበያ፣ ኤታኖል (አልኮል)፣ ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ብልቃጥ ለብቻው ከላይ ይንጠልጠል።

ናሙናው ወደ 70 በመቶ ኤታኖል ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ፤ አለዚያ ጨው አልኮል ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ ነጭ ቅንጣት ሆኖ ክንፉ ላይ ይጋገራል። ለዲኤንኤ ምርመራ ከሆነ 95 በመቶ ይሻላል።

ከብት ጨው ስለሚወድ ወጥመዱ ከ2 ሜትር በታች አይሰቀል።